ፋይል፣ ኦስኪ እና የጠፋ የንባብ ወኔ

ከአንባቢያን፦ ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ከጎንደር የሕክምና ተማሪዎች ናቸው። ማንበብ አቃተን ያሉት የፈተናውን አድልዎ ሳያነሱ አላለፉም፤ ፈተናው ያዳላል ያሉትም መጨረሻ ላይ «ታዲያ ለምን አነባለሁ?» ብለው ነው የዘጉት። ስለዚህ አንድ ላይ አስተናግደናቸዋል። ከአንድ መምህርና ከአንዲት እናት የመጡትንም ጨምረናል።

ጥያቄ፦ ሲ-ዋን (ሆስፒታል ገብተን ታካሚ ማየት የምንጀምርበት ዓመት) ነኝ፤ የውስጥ ደዌ አታችመንት (በክፍሉ የምናደርገው ልምምድ) ላይ ነን። ጠዋት ራውንድ (የታካሚዎች ጉብኝት)፣ ከሰዓት ሌክቸር፣ ማታ ላይብረሪ አምስት ሰዓት እቀመጣለሁ። ሳምንት ሳይሞላው ያነበብኩት ይጠፋል። ጓደኞቼ ግን የቀደሙት ባቾች ያወረሱንን የፈተና ጥያቄዎች ስብስብ፣ ፋይል የምንለውን፣ ሦስት ቀን አገላብጠው ከእኔ በላይ ያመጣሉ። የማንበብ ፍላጎቴ ሞቷል። እኔም ፋይሉ ውስጥ ልግባ? (ት.፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ግባ፤ አገባብህ ግን እንደ እነሱ አይሁን።

መጀመሪያ ሁለት ነገር ይለይ። ተፈትኖ ያለቀ የድሮ ጥያቄ መለማመጃ ነው፤ ማንም ሊሠራው ይችላል። ገና ያልተሰጠ፣ ከጽሕፈት ወይም ከማባዣ ክፍል ሾልኮ የመጣ ወረቀት ስርቆት ነው፤ ቴሌግራም ላይ ሁሉም ስላየው ስርቆትነቱ አይቀርም። ከዚህ በታች የምንነግርህ ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው።

የአምስት ሰዓቱ ንባብ ለምን እንደማይቀመጥልህ በጥናት የታየ ነገር ነው። ሮዲገር እና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ ሦስት ጊዜ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግሞ ያነበበው በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ደጋጋሚው 40 በመቶ ገደማ ሲያስታውስ ሌላው 61 በመቶ ያህል አስታወሰ። ደጋግሞ ማንበብ «ይሄንማ አውቀዋለሁ» የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ስሜቱ ግን ፈተና ክፍል ድረስ አይከተልህም። የአብነት ትምህርት ቤት ይህን ከጥንት ያውቀዋል፤ በጎንደር በአታ አቋቋም የሚማር ደቀ መዝሙር ቀለሙን በቃሉ ካልወጣው ወደሚቀጥለው አይሻገርም።

ስለዚህ አምስቱን ሰዓት ወደ ሦስት አውርደው። ወደ ላይብረሪ ስትገባ ጠዋት ራውንድ ላይ ያየኸውን አንድ ታካሚ ይዘህ ግባ። ለምሳሌ ከመተማ በኩል የመጣ የቀን ሠራተኛ፣ ሁለት ወር የቆየ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ እስከ እምብርት የወረደ ጣፊያ። መጽሐፍ ሳትከፍት ባዶ ወረቀት ላይ ሊሆኑ የሚችሉ አምስት በሽታዎችን ጻፍ፤ ለእያንዳንዱ የሚደግፈውንና የሚቃወመውን አንድ አንድ ምልክት፣ ከዚያ የምታዝዘውን ምርመራ። 15 ደቂቃ ይበቃል። ካላዛርን (የአሸዋ ዝንብ የሚያስተላልፈውን በሽታ) ጽፈህ ተደጋጋሚ ወባ የሚያመጣውን የጣፊያ ማበጥ ከረሳህ፣ ወይም ነጭ የደም ሴል፣ ሄሞግሎቢንና ፕላትሌት ሦስቱም ለምን እንደሚወርዱ ማስረዳት ካቃተህ፣ መጽሐፉን የምትከፍተው ለዚያ ቀዳዳ ነው። ከምዕራፉ መጀመሪያ አትነሣ። የሰዓቱ ቀሪ 45 ደቂቃ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሰዓት የፋይሉ ነው። 25 ጥያቄ፣ 30 ደቂቃ፣ መልሱ ተሸፍኖ። ከዚያ በኋላ ያለው 30 ደቂቃ ከጥያቄው ይበልጣል፦ ትክክለኛው ለምን ትክክል እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ሌሎቹ ምርጫዎች ለምን እንደወደቁ በአንድ አንድ መስመር ጻፍ፤ ጥያቄው ላይ ምን ቢቀየር «ቢ» ትክክል ይሆን እንደነበርም ጨምር። ጓደኞችህ የሚዘሉት ይህን ነው። እነሱ የያዙት «ስለ አስሲቲስ (ሆድ ውስጥ ውሃ መቋጠር) የሚጠይቀው፣ መልሱ ሲ» የሚለውን ነው፤ መምህሩ ዕድሜውን ወይም የላብራቶሪውን ቁጥር ሲለውጥ መልሱ አብሮ እንደሚለወጥ አያዩም።

የተሳሳትከውን በሦስት ዓምድ መዝግብ፦ አላወቅሁትም፣ አውቄው ከሌላ ጋር ተምታታብኝ፣ ጥያቄውን በደንብ አላነበብኩትም። ሦስተኛው ዓምድ ከሞላ ችግርህ እውቀት አይደለም፤ «ያልሆነው የቱ ነው» የሚለውን እየዘለልክ ነው፤ እርሳስህን ቃሉ ላይ ማስመር ትጀምራለህ። ሦስተኛው ሰዓት ለዚህ መዝገብ ነው፤ እያንዳንዱን ስህተት በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱና በሦስተኛው ሳምንት መልሰህ ሳታይ መልስ። ጥያቄዎቹን አሳትመህ ያዝ፤ መብራት ሲጠፋ ስልክህ ቀድሞ ይሞታል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የፋይል መልስ ቁልፍ የተማሪ ሥራ ነው፤ ስህተቱ ከባች ወደ ባች ሲገለበጥ ኖሯል። መመሪያም ይለወጣል፦ ቲቢ ለተመለሰበት ሰው ስትሬፕቶማይሲን ተጨምሮ ይሰጥ የነበረውን የስምንት ወር ሕክምና የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 (እ.ኤ.አ.) እንዲቀር መክሯል፤ በአሮጌ ፋይል ላይ ግን እንደ ትክክለኛ መልስ ብታገኘው አይግረምህ። ቁልፉ ከወቅቱ አገር አቀፍ መመሪያ ጋር ካልተስማማ መመሪያውን ያዝ።

ወኔን በተመለከተ፣ እስኪመጣ አትጠብቀው። ዴሲ እና ራያን የተባሉት ምሁራን የሰው ውስጣዊ ፍላጎት በሦስት ነገር እንደሚቆም ያስረዳሉ፦ የራስ ምርጫ መኖሩ፣ እየቻልኩ ነው የሚል ስሜት፣ ከሰው ጋር መተሳሰር። የአንተ ማታ ሦስቱም የሉበትም፤ ምዕራፉን ሌክቸሩ መረጠልህ፣ መቻልህን የሚያሳይ ነገር የለም፣ ብቻህን ነህ። ታካሚውን አንተ ምረጥ፤ 25ቱ ጥያቄ ውጤትህን በየማታው ያሳይሃል፤ በሳምንት ሁለት ማታ ከሁለት ሰው ጋር እየተጠያየቅህ ሥራ። መነሻህንም ከቦታና ከሰዓት ጋር እሰረው፦ «እራት በልቼ ከካፌ ስወጣ፣ ዶርም ሳልገባ፣ ላይብረሪ ገብቼ ባዶ ወረቀት አወጣለሁ።» «ከነገ ጀምሮ በደንብ አነባለሁ» የሚለው ዕቅድ ሳይሆን ምኞት ነው።

የጓደኞችህ ውጤት? እዚያው ዲፓርትመንት ውስጥ ይሠራል። ጤና ሚኒስቴር የሚሰጠውን የሙያ ፈቃድ ምዘና ሲቀመጡ ግን ጥያቄውን የሚያወጣው የእናንተ መምህር አይደለም፤ የወረሱት ፋይልም እዚያ የለም።

ጥያቄ፦ በሎንግ ኬዝ (አንድ ታካሚ ጠይቀንና መርምረን ለፈታኝ በምናቀርብበት ፈተና) ለእኔ የደረሱኝ እናት ጆሯቸው በደንብ አይሰማም፤ አስታማሚያቸውም ወጥቶ ነበር። ለጓደኛዬ የደረሰው ታካሚ ደግሞ ሕመሙን እስከ አልትራሳውንዱ ውጤት ዘርዝሮ ነገረው። ፈታኛችንም «ጨካኝ» የሚባለው ሲኒየር ነበር። ይህ ፈተና ነው ወይስ ዕጣ? (የሲ-ቱ ተማሪ)

መልስ፦ ግማሹ ዕጣ ነው፤ ይህን የሕክምና ትምህርት ባለሙያዎችም አይክዱትም። የልብ ሕመምተኛን አሳምሮ የመረመረ ተማሪ የጉበት ሕመምተኛ ላይ ሊደናቀፍ ይችላል፤ ስለዚህ በአንድ ታካሚና በአንድ ፈታኝ የተሰጠ ውጤት ስለ ተማሪዋ የሚናገረው ጥቂት ነው። ሮናልድ ሃርደን ስኮትላንድ ውስጥ ዳንዲ ላይ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ኦስኪ የተባለውን በጣቢያ የተከፋፈለ የተግባር ፈተና ያስተዋወቁት ይህን ለማረቅ ነበር። ተማሪዎቹ በየጣቢያው ይዞራሉ፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ፣ አንድ ዓይነት ደቂቃ፣ አንድ ዓይነት የነጥብ ዝርዝር። ጨካኙ ሲኒየር አንድ ጣቢያ ላይ ከተቀመጠ ለሁሉም እኩል ይጨክናል፤ ያ ፍትሕ ነው። ፍትሑ የሚፈርሰው ተማሪው ስለበዛ ሁለት ወረፋ ጎን ለጎን ሲካሄድ፣ በአንዱ ጨካኙ በሌላው ለስላሳው ሲቀመጥ ነው። ሌላው መፍረሻ ጠዋት የተፈተነው ለከሰዓቱ ጣቢያዎቹን ሲነግር ነው፤ የከሰዓቶቹ የጠዋቶቹ ሳይወጡ በፊት ካልታገቱና ስልክ ካልተሰበሰበ ኦስኪው ከፋይል አይሻልም።

ሎንግ ኬዝ እስካለ ድረስ ግን በእጅሽ ያለውን እንይ። 60 ደቂቃ ከተሰጠሽ 25ቱ ለታሪክ፣ 20ው ለአካል ምርመራ፣ 15ቱ ለማደራጀት ይሁን። ብዙ ተማሪ ታሪክ ላይ 45 ደቂቃ ይጨርስና ሆድ ሳይነካ ፈታኙ ፊት ይቀርባል። ጆሮ የሚከብዳቸው፣ ትንፋሽ ያጠራቸው ወይም በሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ታካሚ ሲደርሱሽ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃ ለተቆጣጣሪው ተናገሪ፤ አስታማሚ ወይም አስተርጓሚ እንዲጠራልሽ፣ ሁኔታውም እንዲመዘገብ ጠይቂ። ውጤት ከተነገረ በኋላ የመጣ ምክንያት ማመካኛ ይመስላል። እስከዚያው በተሻለው ጆሯቸው በኩል ቀረብ ብለሽ፣ ፊትሽን እንዲያዩ አድርገሽ፣ ሳትጮኺ አጫጭር «አዎ/አይ» የሚያስመልሱ ጥያቄዎች ጠይቂ፤ ታሪኩ ቢጎድል ምርመራው ላይ ጊዜ ጨምሪ። ሪፖርትሽንም «ታሪኩ የተወሰነ ነው፤ ምክንያቱም...» ብለሽ ክፈቺው። ጥሩ ፈታኝ ለዚህ ነጥብ ይሰጣል።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ያልነኩትን መናገር ነው። ቻርቱ ላይ «ጉበት ከጎድን በታች 4 ሴንቲ ሜትር» የሚል አይተሽ ሳትዳስሺ ብትደግሚው፣ ፈታኙ «እስቲ አሳይኝ» ይላል። የቻርቱ ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን ሊሆን ይችላል፤ ሕክምና የጀመሩ ሰው ጉበት ዛሬ እዚያ ላይኖር ይችላል። «አላገኘሁትም» ማለት ጥቂት ነጥብ ያስቀንሳል፤ መፈብረክ ግን አመኔታ ያሳጣል።

ኮሌጁን መጠየቅ የሚገባችሁ ደግሞ ይህን ነው፦ ሁለት ፈታኞች ሳይነጋገሩ ለየብቻ ነጥብ ይስጡ፣ ቅጹ ከፈተናው በፊት ለተማሪው ይታይ፣ የታካሚ ድልድል በፈታኝ ሳይሆን በዕጣ ይሁን።

ጥያቄ፦ የቀዶ ሕክምና ፈተናችን ላይ አንድ ጥያቄ ሁለት ትክክለኛ መልስ ነበረው፤ አንዱ ቁልፉ ስህተት ነው እንላለን፤ ሌላው ክፍል ውስጥ ያልተማርነው ነው። ሁሉም ያጉረመርማል፤ የሚጽፍ ግን የለም። «ከጻፍክ ኦራል (የቃል ፈተና) ላይ ይጠብቁሃል» ይባላል። እንዴት እናቅርብ? (የባች ተወካይ)

መልስ፦ ማጉረምረሙን ትታችሁ በአንድ ገጽ ጻፉት። ከፈተና እንደወጣችሁ ጥያቄዎቹን ከአእምሯችሁ መዝግቡ፤ ወረቀቱን በስልክ ማንሳት ራሱ ጥፋት ነው፤ ትክክለኛ ቅሬታችሁን ይዞ ይሞታል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቁጥሩን፣ ይዘቱን፣ የተነገረውን መልስ፣ የመጽሐፉን ስም፣ እትምና ገጽ ወይም የአገር አቀፍ መመሪያውን፣ በመጨረሻም የምትጠይቁትን ግልጽ ውሳኔ አስፍሩ፦ ሁለቱም መልስ ይያዝልን፣ ቁልፉ ይታረም፣ ወይም ማብራሪያ ይሰጠን። «ፈተናው ይሰረዝ» አትበሉ። ደብዳቤው በባቹ ስም፣ በተወካይ ፊርማ ይሁን እንጂ የግለሰቦች ስም አይዘርዘር፤ ያን ጊዜ ኦራል ላይ የሚጠበቅ ሰው አይኖርም። መጀመሪያ ለኮርሱ አስተባባሪ፣ ካልተመለሰ ለዲፓርትመንት ኃላፊ፣ ከዚያ ለዲኑ። በየደረጃው መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉና ቀን ያለበትን ቅጂ ያዙ። የቅሬታ ቀነ ገደቡ በተማሪዎች መመሪያ ላይ አለ፤ ሳትጽፉ በፊት እሱን ተመልከቱ።

ዲፓርትመንቱ የጥያቄ ትንተና እንዲሠራም በትሕትና ጠይቁ፤ ካልኩሌተር ይበቃል። 60 ተማሪ ብትሆኑ በጠቅላላ ውጤት ከላይ 27 በመቶው 16 ሰው፣ ከታች 27 በመቶውም 16 ሰው ነው። ያን አንድ ጥያቄ ከላይኞቹ 4፣ ከታችኞቹ 9 ካገኙት፣ ልዩነቱ ሜነስ 5 ለ16 ሲካፈል፣ ማለትም ሜነስ 0.31 ነው። ጎበዞቹ እየሳቱ ደካሞቹ የሚያገኙት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ቁልፉ የተሳሳተ ወይም ሁለት መልስ ያለው ነው። ከ0.2 በታች የሆነ መታየት አለበት፤ 0.3ና ከዚያ በላይ ደኅና ነው። ጥያቄው ስለከበደ ብቻ ግን ስህተት አይሆንም፤ 25 በመቶው ብቻ አግኝቶት ያገኙት ጎበዞቹ ከሆኑ ሥራውን ሠርቷል።

ቁልፉ ከታረመ የሁሉም ወረቀት መታረም አለበት፤ ለጮኸው ብቻ የሚታረም ከሆነ አዲስ አድልዎ ነው። ሁለት መልስ ላለው ደግሞ ከመሰረዝ ሁለቱን መቀበል ይሻላል፤ ቢሰረዝ በትክክል የሠራው ተማሪ ነጥቡን ያጣል።

ያልተማርነው ያላችሁትን ግን ደግማችሁ እዩት። በኮርሱ ዓላማ ዝርዝር ውስጥ ካለ፣ ሌክቸር ባይሰጥበትም መጠየቁ ተገቢ ነው። ያን ቅሬታ ከሌሎቹ ጋር ብታስገቡት ሁለቱን ጠንካሮች ያዳክምባችኋል።

ጥያቄ፦ የዶርም ጓደኛዬ ፈተና ላይ አሳየኝ ይለኛል። እምቢ ብለው ይቀየመኛል፤ ቤተሰቡም ችግረኛ ነው።

መልስ፦ እምቢታህን ፈተና ክፍል አትጠብቅለት፤ ከሳምንት በፊት ንገረው። «አላሳይህም፤ ግን ከዛሬ ጀምሮ ማታ ማታ 20 ጥያቄ አብረን እንሠራለን» በለው። በፈተናው ቀን ራቅ ብለህ ተቀመጥ። ተመሳሳይ የተሳሳቱ መልሶች ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ወረቀቶች ላይ ሲደረደሩ መምህር ያስተውላል፤ ያኔ ያሳየውም የኮረጀውም እኩል ይጠየቃሉ። አጤሬራ ይዞ ለመግባት የሚያድረው ሌሊት ለ20ው ጥያቄ ይበቃው ነበር።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ፈተናችን በየዓመቱ ይወጣል። አራት ሆነን ከመቶ ሃያ በላይ ተማሪ እንፈትናለን፤ በየጊዜው አዲስ ጥያቄ የማውጣት አቅም የለንም። ምን ይበጃል?

መልስ፦ አንድ የማይወደድ ሐሳብ አለን፦ የድሮ ጥያቄዎቻችሁን ከነማብራሪያቸው ራሳችሁ ለሁሉም አውጡ። ፋይሉ ድሮውንም ወጥቷል፤ አሁን ያልደረሰው ዘመድ ወይም ሲኒየር ለሌለው ተማሪ፣ ብዙ ጊዜም ከገጠር ለመጣው ነው። ለሁሉም ሲደርስ የአድልዎው ግማሽ ይቀራል፤ የተሳሳተው ቁልፍም ይታረማል። ከዚያ በየፈተናው ከመቶ ጥያቄ ሠላሳውን አዲስ አድርጉ። ለአራት መምህር ሲካፈል ለአንዱ ከስምንት አይበልጥም። የቀሩትን የታካሚውን ዕድሜ፣ የላብራቶሪ ቁጥር ወይም የጥያቄውን አቅጣጫ ለውጡ፦ «ምርመራው ምንድን ነው» የነበረውን «የመጀመሪያ እርምጃህ ምንድን ነው» አድርጉት።

ጥያቄ ከማውጣት በፊት የይዘት ሠንጠረዥ ይሠራ። አታችመንቱ ስምንት ሳምንት ከሆነና ሁለቱ የሳንባ ከሆኑ፣ ከመቶው 25 ያህሉ የሳንባ ይሁን፤ አለበለዚያ ብዙ ጥያቄ የሚያወጣው የአንዱ መምህር ልዩ ሙያ ፈተናውን ይውጠዋል። የሚያጋልጡ ስህተቶችን ጥረጉ፦ ሁልጊዜ ረጅሙ ምርጫ ትክክል መሆኑ፣ «ሁሉም መልስ ናቸው»፣ ከጥያቄው ጋር በሰዋስው የማይገጥም ምርጫ። ብልጥ ተማሪ ሳያነብ በእነዚህ ብቻ ብዙ ነጥብ ይለቅማል።

የማለፊያ ነጥቡም ከልማድ አይምጣ። አራታችሁ ለየብቻችሁ እያንዳንዱን ጥያቄ እያያችሁ «ለማለፍ በጣም የቀረበ ተማሪ ይህን የማግኘት ዕድሉ ከመቶ ስንት ነው?» ብላችሁ ገምቱ፤ አማካዩ 57 ከሆነ ማለፊያው 57 ነው። ይህ የአንጎፍ ዘዴ ይባላል። የኮሌጁ ደንብ 50ን ካስገደደ ደግሞ የጥያቄዎቹን ክብደት ወደዚያ አስተካክሉ።

ለኅትመት፦ በዋዜማው አባዙ፣ አንድ መምህር ማሽኑ አጠገብ ይቁም፣ የተበላሹ ገጾች ተቆጥረው ይቃጠሉ፣ ፋይሉ በጋራ ኮምፒውተር ላይ አይቅር። ሁለት ዓይነት ቅደም ተከተል ስታዘጋጁ ትልቁ አደጋ የ«ለ»ን ወረቀት በ«ሀ» ቁልፍ ማረም ነው፤ ከማረም በፊት ከየዓይነቱ አምስት ወረቀት በእጅ አርማችሁ አመሳክሩ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሦስተኛ ዓመት ላይ ወድቆ ዓመቱን ይደግማል። ቤት ሲመጣ አይናገርም። ምን ልበለው? (እናት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ እናታችን፣ «ለምን ወደቅህ» ያለው ሰው በዝቶበታል። እርስዎ «ለቀጣዩ ዓመት ምን ያስፈልግሃል?» ይበሉት፤ ከጎረቤት ልጅ ጋር አያወዳድሩት። ዓመት መድገም በሕክምና ትምህርት ያልተለመደ ነገር አይደለም። ግን ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ ከተወ፣ ከጓደኛ ሁሉ ከራቀ፣ ወይም «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ቃል ከወጣው፣ ብቻውን አይተዉት፤ መሞትን ካነሳ ቀን ሳያሳድሩ ወደ ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይውሰዱት። ሞትን በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ፈተናችን ጥር 13 ነው። ከተራና ጥምቀት ጎንደር ላይ ሆኖ ማንበብ ይቻላል? (ሦስት ተማሪዎች)

መልስ፦ አትሞክሩት። ጥር 10 ከሰዓትና ጥር 11ን ለበዓሉ ስጡ፤ ዓይናችሁ መጽሐፍ ላይ፣ ጆሯችሁ ፋሲል መዋኛ ከሆነ ሁለቱም አይገኙም። አዲስ ንባብ እስከ ጥር 9 ይለቅ። ጥር 12 ጠዋት ለሦስት ሰዓት ያህል የስህተት መዝገባችሁን ብቻ አገላብጡ፤ ከሰዓት 50 ጥያቄ በአንድ ሰዓት ሠርታችሁ መጽሐፍ ዝጉ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት ተኙ፤ በማግስቱ መልስ ለመቀየር ከተጠራጠራችሁም አዲስ ምክንያት ካገኛችሁ ቀይሩ። «የመጀመሪያውን አትቀይር» የሚለው የዶርም ምክር በጥናት ሲፈተሽ አልቆመም፤ ከተቀየሩ መልሶች የሚበዙት ከስህተት ወደ ትክክል የሄዱ ናቸው።